ባላገሯ መሪ ስትይዝ

ማንዳ በቪስ ደሴት አርባ አንድ ዓመት ኖራለች፤ ዛሬም «ሙሽሪት» ነው የሚሏት። በደሴቲቱ ልማድ ከሌላ አገር ተድራ የመጣች ሴት ለባሏ ዘመዶች እስክትሞት ድረስ ሙሽሪት ናት። ጥርሷ ቢረግፍም፣ የልጅ ልጅ ብታሳድግም ያው ሙሽሪት ናት። ይህ እንግዲህ ደስ ሲላቸው ነው። ሲናደዱባት ደግሞ «ባላገሯ» ይሏታል። የተወለደችው ከባሕሩ ጀርባ ከተገተረው ተራራ ማዶ፣ ድንጋይና በግ እንጂ ሌላ ነገር በማይበረክትበት አገር ነውና። የባሕር ዳር ሰው የተራራ ሰው ይንቃል። ጀልባ ላይ ሲወጣ እርካብ ይፈልጋል፣ ዓሣ ሲሰጡት ቀንዱ የት አለ ይላል እያለ ሲስቅበት ይውላል።

ባሏ ዬርኮ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው። ከአባቱ የወረሳት ፔርላ የምትባል የእንጨት ጀልባ አለችው፤ አንድ ምሰሶ፣ አንድ ባለ ሦስት ማዕዘን ሸራ፣ ሞተር የሚባል ነገር የላትም። በየዓመቱ መስከረም ሲብት እንደሷ ያሉ አሮጌ ባለ ሸራ ጀልባዎች ከየደሴቱ ተነሥተው ሎዝና በምትባል ወደብ ይሰበሰባሉ። ሎዝና ከቪስ ዳርቻ ዳርቻውን ወደ ላይ የአራት ቀን መንገድ ናት።

የሎዝና ሰው አንድ ሥርዓት አለው። ጀልባዋ በጠባቡ የወደብ አፍ ስትገባ፣ ባርባ ባርቱል የሚባሉት ሽማግሌ ከወደቡ የድንጋይ መድረክ ላይ ሆነው፣ «ፓሮኗ ማን ነው?» ብለው ይጮኻሉ። ፓሮን የጀልባ አዛዥ ነው። ፓሮኑ ግን ራሱ አይመልስም፤ የገዛ ስሙን የሚጠራ ሰው ጉረኛ ይባላል። ከጀልባው ላይ ሌላ ሰው ነው ስሙን የሚጠራለት። ከዚያ በኋላ ስሙ በቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ በተሰቀለው ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይጻፋል። የክረምት ዝናብ እስኪያጥበው እዚያው ይቆያል፤ ሰውየውም በየመጠጥ ቤቱ «ፓሮን እገሌ» እየተባለ ይከበራል።

ዬርኮ ሠላሳ ስምንት ዓመት ተጽፏል። ካለፉት ዐሥር ዓመታት ወዲህ ግን ዓይኑ ስለደከመ መሪውን የምትይዘው ማንዳ ነበረች። እሷ ከኋላ ተቀምጣ ጀልባዋን ትነዳለች፤ እሱ ከፊት ቆሞ ኮፍያውን እያነሣ ሰላምታ ይሰጣል። ወደቡ ሲደርሱ ደግሞ «ፓሮኑ ዬርኮ ነው!» ብላ የምትጮኸው እሷው ራሷ ናት። ነገሩን ሁሉም ያውቃል፤ አንድም ሰው ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

በዚህ ዓመት ነሐሴ ላይ ዬርኮ ከበለስ ዛፍ ወድቆ ቀኝ እጁን ሰበረ።

«ስልሳ ዘጠኝ ዓመት ባሕር ያልሰበረኝን ሰውዬ በለስ ሰበረችኝ» አለ በጀሶ የታሰረውን እጁን እያየ።

«በልተሃታል፤ ብድሯን መለሰች» አለች ማንዳ። ከዚያ የሰርዲኑን ሳህን ወደሱ ገፋ አድርጋ በልቧ ዐሥር ዓመት የያዘችውን ተናገረች። «ዬርኮ፣ ዘንድሮ እኔ ነኝ የምወስዳት። እንደ ሁልጊዜው። ግን ዘንድሮ ስሜን ትጠራልኛለህ።»

ዬርኮ ማኘኩን አቆመ። «እናያለን» አለ።

ይህ ሰው ሲወለድም እናያለን ብሎ ሳይወለድ አይቀርም። ለጋብቻ ስትጠይቀውም (አዎ፣ የጠየቀችው እሷ ናት) እናያለን ነው ያላት።

በነጋታው ወንድሙ ፕሮሽፔ ደወለ። ፕሮሽፔ ታላቅ ነው፣ ሎዝና አጠገብ ይኖራል፣ የፈጣን ሞተር ጀልባ ባለቤት ነው፣ ድምፁም ከሞተሩ አያንስም። ስልኩ ዬርኮ ጆሮ ላይ ቢሆንም ማንዳ ከማድቤቱ ሁሉንም ሰማች።

«ወደቡ አፍ ላይ እጠብቃችኋለሁ። እዚያ እወጣና መሪውን እይዛለሁ። የአባታችን ጀልባ በሙሽሪት ስም ልትጠራ? አጥንቱ እሾህ ይሆንበታል! ደግሞ እነዚያን ውሾች ቤት ተዋቸው። ጀልባ እኮ የገበያ ጋሪ አይደለም።»

«እናያለን» አለ ዬርኮ።

ውሾቹ አልቀሩም። ሁለት ናቸው። አንዷ ባቫ ትባላለች፤ ባቫ በነሱ አገር ውኃውን ዳሰስ አድርጋ የምታልፍ ቀጭን ነፋስ ናት። ድመት የምታህል፣ አንድ ጆሮዋ የታጠፈ፣ ከጀልባዋ አፍንጫ ላይ ተቀምጣ ዶልፊኑንም መርከቡንም እኩል የምትሳደብ ናት። ሁለተኛው ጋሮ ነው። ጋሮ የተራራ በግ ጠባቂ ነው፤ ስልሳ ኪሎ፣ ጥላሸት የመሰለ፣ ተኩላ እንዲተናነቅ የተፈጠረ። ቡችላ ሳለ ለማንዳ የላከላት ወንድሟ ነው። እንዲህ ያለ ውሻ ጀልባ ላይ ሲወጣ ደሴቲቱ አይታ አታውቅም፤ ብርቱካንማ የመዋኛ ሰደርያውን ለብሶ ሲሳፈር ሰዉ ሁሉ ለማየት ወጣ።

«ማንዳ፣ በጎቹንስ የት ተውሻቸው?» አላት አንዱ ከዳር።

«አንተን አንዱን አገኘሁ፤ ና ግባ» አለችው።

ጎሕ ሲቀድ ከየብስ በሚነፍሰው ነፋስ ወጡ። የመጀመሪያው ቀን ችግር ነፋሱ ሳይሆን የጋሮ ክብር ነበር። ለውሾቹ መጸዳጃ ብላ ከፊት በኩል አረንጓዴ የፕላስቲክ ሣር አንጥፋለች። ባቫ በአንድ ሰዓት ገባት። ጋሮ ግን ሣሩን አየና አባቱ እንደተሰደበበት ሰው ፊቱን አዞረ። ቀኑን ሙሉ ሽንቱን ያዘ። ማታ ሾልታ ደሴት ደርሰው በትንሿ መቅዘፊያ ጀልባ ወደ ዳር ሲያወጡት፣ የመጀመሪያውን ዛፍ ሲያገኝ የነበረውን ደስታ እዚያ የነበሩ ሰዎች እስካሁን ያወራሉ። በሁለተኛው ቀን፣ መሬት ሩቅ በሆነበት ሰዓት፣ ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ግራ ቀኙን አየ፤ ወደ ሣሩ ሄደ። ዬርኮ ኮፍያውን አወለቀ።

«እንኳን ደስ ያለህ፣ አድሚራል!» አለው።

ማንዳ እስኪያስለቅሳት ሳቀች፤ የደረቀ የሥጋ ቆዳም ሸለመችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሮ መርከበኛ ሆነ።

ሌላም ሥራ ተገኘለት። የዬርኮ አንድ እጅ ከምሰሶው ሥራ አያልፍም፤ ማንዳ ደግሞ በአንድ እጇ መሪውን፣ በአንድ እጇ የሸራውን ገመድ ይዛ ሦስተኛ እጅ አጣች። ስለዚህ ገመዱን ሁለት ዙር በእንጨቱ ካስማ ላይ ጠመጠመችና ጫፉን ለጋሮ በአፉ ሰጠችው። የተራራ ውሻ የያዘውን አይለቅም። የማስለቀቂያውን ቃል ያስተማረችው ግን አባቷ ውሾቹን ከበግ ሲያስለቅቅ በሚጠራው ቃል ነው፤ «ኦሽ!» ስትለው ይለቃል።

ዬርኮ ይህ አልተዋጠለትም። የባሕር ሰው ከአያት ቅድመ አያቱ ጀምሮ ገመድ ሲያስለቅቅ «ሞላ!» ነው የሚለው። በኛ ጆሮ የማሰሮ ቃል ይመስላል፤ ለነሱ ግን ልቀቅ ማለት ነው። ጀልባ ላይ ሌላ ቃል መናገር ለነሱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደ ማፏጨት ነው።

«ሞላ በይው እንጂ ሴትዮ! ሰው ሰምቶ ይስቅብናል።»

«ያገሬ ልጅ ነው። በማያውቀው ቋንቋ ለምን ልዘዘው?»

«ሞላ!» አለ ዬርኮ ራሱ፣ ሊሞክር። ጋሮ በሐዘኔታ አየው እንጂ ጥርሱን አላላላም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ፑንታ ፕላንካ ደረሱ። ይህ ወደ ባሕር የወጣ የየብስ ጫፍ ነፋሶች ሁሉ የሚጣሉበት ቦታ ነው፤ የባሕር ሰው ሲያልፈው ያማትባል። ባሕሩ ግን ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ጸጥ ብሏል። ሦስት አራት ጀልባዎች ሙሉ ሸራቸውን ዘርግተው ፊት ፊታቸው ይሄዳሉ። ማንዳ ባሕሩን አላየችም። ዞር ብላ ተራራውን አየች። ጫፉ ላይ ነጭ ደመና እንደ ቆብ ተደፍቷል።

«ሸራውን አሳጥረው» አለች።

«አብደሻል? ነፋስ የለም እኮ።»

«ቡራ እየመጣች ነው። ሁለት ሰዓት አይሞላም።»

ቡራ ከተራራው ዘላ ባሕር ላይ የምትወድቅ ብርቱ ነፋስ ናት፤ ስንቱን ጀልባ ገልብጣለች። ዬርኮ ወደ ውኃው አየ፤ የባሕር ሰው ቡራን የሚያውቃት ውኃው ላይ ስትደርስ ነው።

«በምን አወቅሽ?»

«ምን በምን አወቅሽ አለው! የምትወለደው እኛ ሰፈር ነው። አባቴ ያችን ቆብ ሲያይ በጎቹን ያስገባ ነበር።»

ዬርኮ እናያለን ሊል አፉን ከፈተ፤ ፊቷን አየና ሸራውን አሳጠረ። አንድ ሰዓት ተኩል አልሞላም፤ መጣች። ፊት ፊታቸው የነበሩት ጀልባዎች ሸራቸውን ለማውረድ ሲራወጡ፣ አንዱማ ኮፍያውንም ሸራውንም ባንድ ላይ ሲነጠቅ፣ ፔርላ አጭር ሸራዋን ይዛ በመሐላቸው አለፈች። ውኃው ፊት ይመታል፤ ባቫ ከታች ጓዳ ገብታ ትሳደባለች፤ ጋሮ ገመዱን ነክሶ እንደ ድንጋይ ተቀምጧል። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ይባል የለ? ማንዳ መሪውን በብብቷ ይዛ ጮክ ብላ ዘፈነች። እንዲያ የኮራችበት ቀን ትዝ አይላትም።

 ማታ መልሕቅ ከጣሉ በኋላ ዬርኮ ድንቹንና ጎመኑን ራሱ በአንድ እጁ ቀቅሎ አቀረበላት። እሷም ስሟን የመጥራቱን ነገር አላነሣችም። አንድ ጊዜ ተናግራለች፤ መለመን አትወድም።

በአራተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ሎዝና ታየች። ቡራ ቀዝቀዝ ብትልም በየመሐሉ በጥፊ እየመታች ነው። መድረኩ በሰው ተሞልቷል። ወደቡ አፍ ላይ ደግሞ የፕሮሽፔ ሞተር ጀልባ በተንሳፋፊው በርሜል ላይ ታስራ ትጠብቃለች፤ እሱም ነጭ ሱሪውን ለብሶ ቆሟል። ፔርላ በአጠገቡ ስታልፍ፣ በሰባ አራት ዓመቱ፣ ዘሎ ገባ። ዝላዩስ የሚደነቅ ነበር፤ አይካድም።

«እስከዚህ በደህና አደረሳችኋት» አለ እጁን እያሻሸ። «በይ ሙሽሪት፣ ተነሺ። ከዚህ በኋላ የወንድ ሥራ ነው።»

ማንዳ ዬርኮን አየችው። ዬርኮ የገዛ ጫማውን እያየ ነበር።

«እንኳን ደህና መጣህ፣ ዋርሳዬ» አለች። «ተቀመጥ፣ ሰው እንዳትጋርድብኝ።»

«ቀልዱን ተይው። ወደቡ ጠባብ ነው፣ ነፋሱ ከተራራ ነው፤ አንቺ...»

«ከየት ነው አልከኝ?»

ፕሮሽፔ ትዕግሥቱ አለቀ። መሪውን ከእጇ መንጠቅ ስላሳፈረው ገመዱን ለመያዝ ጎንበስ አለ፤ ገመዱን የያዘ ጀልባዋን ያዘ ማለት ነውና። ከገመዱ ጫፍ ላይ ግን ጋሮ አለ። ጋሮ ከጉሮሮው አንድ ድምፅ አሰማ፤ ተኩላ የሚያውቀው ድምፅ ነው።

«ይሄን ጅብ አንሺልኝ!»

በዚህ መሐል ቡራ ከተራራው ወርዳ መታቻቸው። ፔርላ በጎኗ ተኛች፤ ውኃ በጠርዟ ላይ ገባ። ገመዱ መለቀቅ አለበት፤ ካልተለቀቀ ጀልባዋ ሰዉ ሁሉ እያየ ትገለበጣለች። ፕሮሽፔ አባቱና አያቱ ያስተማሩትን ጮኸ።

«ሞላ! ሞላ! ሞላ ብዬሃለሁ፣ አንተ የሰይጣን ልጅ!»

ጋሮ ይባስ ብሎ ጥርሱን አጠበቀ። ፕሮሽፔ አዳልጦት ከነነጭ ሱሪው ወለሉ ላይ በውኃው ውስጥ ተዘረጋ፤ ባቫ ደረቱ ላይ ወጥታ በፊቱ ላይ ትጮህበት ጀመር።

ማንዳ አንድ ትንፋሽ ያህል ዝም አለች። ያች አንዲት ትንፋሽ ኃጢአት ነበረች፤ ኋላ ለቄሱ ተናዝዛታለች፤ ግን አልተጸጸተችባትም። ከዚያ በአባቷ ድምፅ ጮኸች።

«ኦሽ!»

ጋሮ ለቀቀ። ሸራው ነፋሱን አራገፈ፣ ፔርላ ቀና አለች። ማንዳ መሪውን በሆዷ ገፍታ ጀልባዋን አዞረችና በሁለቱ ድንጋዮች መሐል፣ በቀኝ አንድ ክንድ በግራ አንድ ክንድ ተርፏት፣ ወደቡ ውስጥ አስገባቻት። መድረኩ ላይ ያለው ሰው ጭብጨባውን አቀለጠው። ፕሮሽፔ ተነሥቶ ተቀመጠ፤ ከሱሪው ውኃ ይንጠባጠባል። 

ያኔ ባርባ ባርቱል እጃቸውን ባፋቸው ዙሪያ አድርገው ጮኹ።

«ፔርላ! ፓሮኗ ማን ነው?»

ማንዳ ዓይኗን ከሸራው ላይ አላነሣችም።  ቢያንስ አትዋሽ፣ አለች በሆዷ፤ ዝም ካልክም ዝም በል፣ ብቻ አትዋሽ።

ዬርኮ ምሰሶውን በግራ እጁ ይዞ ተነሣ። ወንድሙን አየ። ሰዉን አየ። በመጨረሻ ወደሷ ዞረ።

«ማንዳ!» አለ።

ባርባ ባርቱል ጆሯቸውን አቆሙ። «ማን?»

«ማንዳ ነች! የተራራው ሰው የስቲፔ ልጅ፣ ማንዳ!» ድምፁ ተሰነጠቀ። «ዐሥር ዓመት ሙሉ እሷ ነበረች!»

መድረኩ ተንጫጫ። አንዱ «ባላገሯ!» አለ፤ ሌላው አፏጨ፤ አንዲት ሴት ከመስኮት ሆና ትልቅ ማማሰያ እያወዛወዘች ጮኸች። ማንዳ ግን ጀልባዋን ማስጠጋት አለባት፤ እያለቀሰች መልሕቅ ስትጥል ማንም አላየባትም፤ ፊቷ ድሮም በባሕር ውኃ ርሷል።

ጀልባዋን አስረው፣ ውሾቹን አውርደው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሲሄዱ ባርባ ባርቱል ጽፈው ጨርሰው ጠመኔያቸውን እያራገፉ ነበር። ማንዳ ሰሌዳውን አነበበች። «ፔርላ፣ የዬርኮ ሚስት» ይላል።

ሽማግሌው ክፋት የላቸውም። ሠላሳ ስምንት ዓመት አንድ ስም የጻፈ እጅ ነው፤ ራሱ ወደለመደው ሄደባቸው። ማንዳ ቃሉን ሁለት ጊዜ አየችው። አርባ አንድ ዓመት ስንቱን አሳልፋለች፤ ይህንንም ታሳልፈዋለች።

«ይሁን» አለች።

«አይሁን» አለ ዬርኮ።

የሸሚዙን እጅጌ በምራቁ አራሰና «የዬርኮ ሚስት» የሚለውን ከሰሌዳው ላይ ፈገፈገው። ጠመኔውን ከሽማግሌው እጅ ወሰደ። ግራኝ አይደለም፤ በግራ እጁ ጽፎም አያውቅም፤ ምላሱን በጥርሱ ነክሶ፣ ሰዉ ከኋላው ተኮልኩሎ እያየው፣ ፊደል በፊደል ጻፈ። ከሰዉ መሐል ወንድሙ እርጥብ ሱሪውን ለብሶ ቆሟል። ፊደሎቹ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ሆኑ፤ መሐለኛው ፊቱን አዙሮ ወደ ኋላ ያያል። ግን ከፔርላ ቀጥሎ ማንዳ ይላል። ሌላ ምንም አይልም።

ዬርኮ ራቅ ብሎ አየና አፈረ። «አንዱ ፊደል ተገለበጠብኝ» አላት። «ባርባ ባርቱል ያስተካክሉት?»

«ተወው» አለች ማንዳ፣ ከሰሌዳው ላይ ዓይኗን ሳትነቅል። «ማንም እንዳይነካው።»